ብሎን የሌላት ቴፕ

ሰኞ፣ የካቲት 4

አክስቴ ዘነበች ዛሬ ከጅቡቲ ባቡር ወረደች። ለእማዬ ስጦታ አላት... ቴፕ! ከመዳፌ ብዙም አትሰፋም፣ ስስ ናት። መቀነቷ ውስጥ አስራ ነው ያሳለፈቻት።

"የኬላዋ ፈታሽ ሁለቴ ዳበሰችኝ፣ ከቦርጬ በቀር ምንም አላገኘች" አለች። ሳቅን።

የኛ ቴፕ ሻንጣ ያክላል። እሱን ማን መቀነት ውስጥ ያስገባዋል?

ረቡዕ፣ የካቲት 6

እማዬ ትልቁን ቴፕ ለጎረቤታችን ለእትዬ ናፊሳ ሰጥታ ፍየል ተቀበለች። ፍየሏ ለቅበላ ናት። "ምን ያደርግልናል፣ ቦታ ከማጣበብ በቀር" አለች። ትንሽ ከፋኝ። ግን ምን እላለሁ? መቼስ እኔ ምን ብዬ አውቃለሁ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ጠዋት ፍየሏ ታረደች። ከሰዓት የአባባ ካሴት መጣ።

አባባ ጅቡቲ ወደብ ሥራ ከገባ ሁለት ዓመቱ። እማዬ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤው ሁሉ በካሴት ነው። ለፋሲካ ይመጣ እንደሆነ በዚህኛው ሊነግረን ነበር።

"እንደምን ሰነበታችሁ... ለፋሲካ..." ከዚያ ክርርር። ቴፗ የካሴቱን ክር ዋጠችው። ክዳኗም አልከፈት አለ።

እትዬ ናፊሳን ትልቁን ቴፕ መልሱልን እንዳንል ፍየሏ ድስት ውስጥ ናት።

እሑድ፣ የካቲት 10

መጋላ ገበያ፣ ጠጋኙ አብዲቃድር ጋ ሄድን። ትልቁን ቴፕ የሚጠግንልን እሱ ነበር። አንዴማ ላስቲኩ ቢበጠስ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ ገጥሞለታል።

ይቺን ገለበጣት፣ አገላበጣት።

"አቦ፣ ብሎኑ የታለ? ምኑን ልፍታ?"

የለም። ዙሪያዋን በማስቲሽ የተጣበቀች ናት። እንዲህ የሳሳችው ለካ ለዚህ ነው። ከፈታሿ ተደበቀች፣ ከጠጋኙም ተደበቀች።

"ካሴቱን ከፈለጋችሁ እሷን መስበር ነው። እሷን ከፈለጋችሁ ካሴቱን እርሱት።"

አክስቴ "ኧረ በማርያም! ስንት ፍተሻ ያለፈች!" አለች። ደንበኞቹ ሁሉ ያዩናል። ጆሮዬ ጋለ...

"ትሰበር" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። አክስቴ "ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?" አለች። እማዬ ግን "ሰምተሃታል፣ ስበራት" አለችው።

ቷ! ክሩ ተጨማዶ ወጣ። አብዲቃድር በእርሳስ እያሽከረከረ መለሰው።

ማታ እትዬ ናፊሳ ቤት ገባን። "የፍየል ገዢዎች መጡ" ብላ ሳቀችብን። ትልቁን ቴፕ ራሷ ከፈተችልን።

አባባ ለፋሲካ ይመጣል! ድምፁ የተጨማደደው ቦታ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይንቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ "ልጄን የኔነሽን ሁሌ ከጀርባ ስትስቅ ብቻ ነው የምሰማት። አድጋለች አሉ። አንድ ነገር ትበለኝ" አለ።

እማዬ አለቀሰች። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

መልስ ልንቀዳ እትዬ ናፊሳ ጋ ሄድን። "አንቺ ጀምሪ" አለች እማዬ። "እንደምን ነህ አባባ" አልኩ... ከዚያ አላቆምኩም። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አክስቴ ቦርጭ፣ ቴፕ ሲመርጥም መጀመሪያ ብሎኑን እንዲቆጥር ነገርኩት።

ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። አንዱ ፊት አልቋል።

"ለኔስ? ለኔም አታስቀሪልኝም?" አለች እማዬ። ገልብጣ ሁለተኛውን ፊት ጀመረች። እኔም ከጀርባ ሆኜ ስትሳሳት አረምኳት።