የሐዋ ሦስት ምክንያቶች

የካቲት 7፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30
12ኛ ሀ። ዴስኮቹ በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ሆነው አልቀዋል። ግማሹ ተማሪ ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ ጄሪካን ላይ። ሰሌዳውን ጥይት በስቶታል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ጻፍሁ። የዛሬው ትምህርት፣ አመዛዛኝ ድርሰት። አቋማችሁን መጀመሪያ ተናገሩ። ምክንያት ከሦስት አይብዛ። ለእያንዳንዱ፣ በዓይን የታየ ማስረጃ። የተቃዋሚያችሁን ሐሳብ፣ ባለቤቱ ቢሰማው አዎ የኔ ነው እንዲል አድርጋችሁ አቅርቡ፤ ከዚያ መልሱለት። ስድብ አያሳምንም።
ርእስ በየራሳችሁ አልኋቸው። የከተማና የገጠር ክርክር ሰልችቶኛል።
ድምፄን እሰማዋለሁ። የሌላ ሰው ይመስላል። ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ነኝ፣ ማስታወሻዬ። አንቺ ታውቂያለሽ።

የካቲት 9፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት
እርማት። አብዛኛው ስለ ሰላም ጽፏል። ሰላም ጥሩ ነው ይላሉ፤ ማን ተቃወማቸው? 4። 5። 4።
ከዚያ የሐዋ። የውርጌሳ ልጅ ናት፣ ከእናቷ ጋር ብቻ ነው የምትኖረው። ርእሷ፣ “ትምህርቴን ትቼ ዐረብ አገር መሄድ አለብኝ”።
አንደኛ፣ ወንድሟ በጦርነቱ ሞቷል፤ የሚያርስ የለም። ማስረጃ፣ ማሳው ጦሙን አድሯል። ሁለተኛ፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ የሚነግራት የለም። ማስረጃ፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ሲጠብቁ ከረሙ። ሦስተኛውን እንዳለ ልገልብጠው፤ “የሚያስተምሩኝ መምህርት ራሳቸው ወደ ደሴ ዝውውር ጠይቀዋል። እዚህ ተስፋ ቢኖር ኖሮ እሳቸው ባልጠየቁ ነበር።”
እውነት ነው። ማመልከቻዬ ር/መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማን እንደነገራት እንጃ።
የተቃዋሚውንም ሐሳብ አልሸሸችም። በረሃ አለ፣ ባሕር አለ፣ ሰው በመንገድ ይቀራል ብላለች። መልሷ አንድ መስመር ናት፤ “ቤታቸው የተቀመጡትስ መቼ ተረፉ?”
ስሕተት ፈለግሁ። አንድ አራት ነጥብ ጎድሏል። 9 ከ10 ሰጠሁ። ሻይ አፈላሁ። ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

የካቲት 10፣ ሐሙስ፣ ረፍት ሰዓት
ሐዋን አስቀረኋት። ውጤቷን አየች። አልተደሰተችም። አንዱ ነጥብ የት ሄደ አለች፤ አራት ነጥቡን አሳየኋት። ይሄ ድርሰት ነው ወይስ የምር ነው ብዬ ጠየቅኋት።
“ቲቸር፣ በዓይን የታየ ማስረጃ አምጡ ያሉት እርስዎ ነዎት።”
ደላላ አነጋግረሻል ወይ? እናትሽ ያውቃሉ ወይ? መሬት መሬት አየች። እኔም አልገፋሁም። ለምን አልገፋሁም? ሦስተኛው ምክንያት አፌን ያዘው። ደወል ተደወለ። ሄደች።

የካቲት 13፣ እሑድ፣ ጠዋት
ለሐዋ መልስ ልጽፍላት ተቀመጥሁ። አቋም። ሦስት ምክንያት። ማስረጃ። ሁሉም ልክ ነው። መልሼ ሳነበው ማንንም አያስቀርም። ቀደድሁት። ልብስ አጠብሁ፤ የታጠበውንም ደግሜ አጠብሁ።

የካቲት 14፣ ሰኞ፣ 4፡00
ሐዋ የለችም። በሁለተኛው ክ/ጊዜ እናቷ እትዬ ፋጡማ መጡ። ልጄ እዚህ ናት ወይ አሉ። ሱብሒ ሰግደው ሲያዩ መኝታዋ ባዶ ነው። ደብተሮቿ አሉ፤ መታወቂያዋ የለም። አንዱን ደብተር ይዘውት መጥተዋል፤ ማንበብ አይችሉም። ድርሰቷን አነበብሁላቸው። የኔንም ነገር ሳልዘል። እስከ መጨረሻው ሰሙ።
“ያለችው ሁሉ ልክ ነው” አሉ። “እኔ ግን ሁለተኛ አልቀብርም።”
አንዷ ተማሪ አለቀሰች። ደላላው ሐራ ላይ ነው የሚሰበስባቸው፣ ከዚያ በአፋር በኩል ነው አለች። ቾኩን አስቀመጥሁ። እትዬ ፋጡማን ቤትዎ ይጠብቁን አልኋቸው። ይኸው ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከዚያ ሐራ። ምን እንደምላት አላውቅም።

የካቲት 15፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡00
ትናንት ሐራ ላይ አገኘኋት። ከገበያው ዳር፣ ግራር ሥር፣ ከሦስት ልጆች ጋር፤ ፌስታል ታቅፋለች። መኪናው ከዐሱር ሶላት በኋላ ነው አሉ። ስታየኝ ልክ እንደ ክፍል ብድግ አለች።
አጠገቧ ተቀመጥሁ። ስለ ባለቤቴ ነገርኋት። ለማንም ያልነገርሁትን። ነሐሴ ላይ የሚነዳውን ሚኒባስ ይዞ ከጦርነቱ ሰው ሊያወጣ ሲነሣ ቁርስ ሰጥቼ በሩን እንደዘጋሁለት። አትሂድ እንዳላልሁት። የድርሰት መምህርት ነኝ፤ አንድ ቃል አልወጣኝም። ከባድ መሣሪያ መንገድ ላይ አገኘው።
“ቢሉት ይቀር ነበር?” አለችኝ።
“አላውቅም። አላልሁትም። አንቺን ግን ይኸው እያልሁሽ ነው። አትሂጂ።”
“ይሄ እኮ ማስረጃ የለውም፣ ቲቸር።”
“የለውም።”
ልጆቹ ያዩናል። ደላላው መጣ። ማን ናት አላት። እህቴ ናት አለችው፤ ልትወስደኝ መጥታ ነው። ፌስታሏን አንሥታ ቀደመችኝ። ሌሎቹን ሦስቱንም ኑ አልኋቸው። ፊታቸውን አዞሩ። እነሱን ትቼ መጣሁ፣ ማስታወሻዬ። ይህንንም ያዢልኝ።
ውርጌሳ ስንደርስ እትዬ ፋጡማ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በጥፊ አሏት። ከዚያ አቅፈዋት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሐዋ፣ እስከ ፈተናው ብቻ ነው የምቆየው አለች። ማንም አልተከራከራትም።
እናትዬዋ ቀና ብለው አዩኝ። “አንቺስ ልጄ? ትሄጃለሽ?”
“አልሄድም” አልሁ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ፤ ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።
ቢሮ 2 ሰዓት ላይ ይከፈታል። የዝውውር ማመልከቻዬን መልሼ ልወስድ ነው። ር/መምህሩ ምክንያትሽን በጽሑፍ አቅርቢ ማለታቸው አይቀርም። አንደኛ፣