በእትዬ ዘይነባ ስም የተመረመርሽው እናቴ

እማዬ፣ የኔ ሳቂታ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የገመድ አልጋሽ፣ ዐንገረብሽ፣ ካለበት አልተነቃነቀም፤ ገመዱ ላልቶ መሐሉ ቢጎደጉድም ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። እኔ አሁንም ዐማራት ሰፈር፣ እዚያው የምሠራበት ካፌ ነኝ። ያኔ ሰልፈኛው “ይውረድ” ሲለው የነበረው መሪ ወርዷል፤ የዳቦ ሰልፉ ግን የትም አልሄደም። ብታይው ምን ብለሽ ትቀልጂበት ነበር!

ዛሬ የምጽፍልሽ እዚሁ ከተማ፣ ሪያድ ሰፈር፣ አብራሽ ሰው ቤት ስትሠራ ስለኖረችው ጓደኛሽ፣ ስለ እትዬ ዘይነባ ነው። የጡት ካንሰር መርማሪዎቹ ሰፈር ለሰፈር ሴቱን ሲጠሩ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ ጊዜው አልፎበት ነበር። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን የሚለቅምበት ሰሞን ስለነበር ፈራሽና የዘይነባን ይዘሽ ሄድሽ፤ እዚህ ያለን ሁላችን እንደምናደርገው። ፎቶውን ማን አይቶት! ጡትሽን በራጅ ማሽን አንስተውሽ ስትመለሺ “እንደ ቂጣ ጠፈጠፉኝ” ብለሽ አሳቅሽን። ደህና ነሽ የሚለው ውጤት በዘይነባ ስልክ መጣ፤ ደስ ብሎን ባስታ የሚሉትን ጣፋጭ ገዝተን በላን። ለሚቀጥለው ዙር ሳይጠሩሽ ግን እባጩ ወጣ። ሶባ ሆስፒታል ለሕክምና በሐፍላ አውቶቡስ ስንመላለስ፣ መንገዱ በሰልፈኛ በሚነድ ጎማ ሲዘጋ፣ ትከሻዬን ተደግፈሽ “ያላ፣ እንመለስ” የምትይኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

በቀደም መርማሪዎቹ ለዘይነባ ደወሉ። ለካስ ምርመራው ልክ መሆኑ የሚታወቀው ባገኘው በሽታ ብቻ አይደለም፤ ደህና ናችሁ ያላቸውንም ሴቶች እየጠየቁ ስንቷን እንደሳታት ማወቅ አለባቸው። ከዚያ ወዲህ ታመሽ ነበር ወይ አሏት። አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ዘጋች። እውነቷን ነው፣ እሷ ጤነኛ ናት። የጠየቁት ግን አንቺን ነበር። እንግዲህ የሳቱሽን አንቺን፣ በትክክል ደህና ካሏቸው ጋር ቆጠሩሽ።

እያለቀሰች መጥታ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። ብንናገር ደግሞ ኢቃማ ማዋሷ ይታወቅና ከአገር ትባረራለች ብዬ ፈራሁ። ታውቂያታለሽ፣ የትራፊክ ፖሊስ ስታይ እንኳ እጄን ነው የምትጨብጠው። በማግስቱ ግን ቶቧን ተከናንባ በሬ ላይ ቆመች። “ለእናትሽ፣ ለሐዋ ነው፣ ተነሺ” አለችኝ። ባለሦስት እግሯን ረክሻ ይዘን መርማሪዎቹ ዘንድ ሄድን።

ለምርመራው ሐኪም ሁሉንም ነገርናት። ስለ ኢቃማው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ምስልሽን ሌሎች ሐኪሞች እንደገና እንደሚያዩት፣ እባጩ ያኔም ኖሮ ያለፉት ይሁን ወይስ በኋላ የመጣ እንደሚለዩ ነገረችን። ከዚያ ስምሽን ጠየቀች። ዘይነባ ቀደመችኝ፤ ሐዋ እንድሪስ ይማም ብላ እስከ አያትሽ ጠራችው።  እኔ አለቀስኩ እማዬ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ።

አላህ ጀነቱን ይወፍቅሽ። ዕድሜሽ ገና ነው ቢሉኝም፣ በአንቺ ምክንያት እኔም ለምርመራው ተመዝግቤያለሁ፤ በራሴ ስም። ከቤተሰብ የታመመ አለ ወይ ባሉኝ ቁጥር እናቴ፣ ሐዋ እንድሪስ እላለሁ። እስኪጽፉትም ከወንበሩ አልነሳም።

ልጅሽ