ባሕሩ በታኅሣሥ አይሞቅም

ይድረስ ለባለቤቴ ለተሰማ፤

ከተለየኸኝ አምስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከሁሉ በፊት አንድ ወሬ ላርም። እዚህ ገርጂ፣ «የተሰማ ሚስት ባሕሩ ሄደ ብላ አበደች፤ የቢሮ ሰው በጃንጥላ መታች» እየተባለ ነው። ባሕሩ የትም አልሄደም፤ የሄደው ወደቡ ነው። ጃንጥላዬም ያረፈው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ምጽዋ ሳለን በየማለዳው ውሃ በባልዲ እየቀዳህ የባሕሩን ሙቀት የለካህባቸውን ደብተሮች፣ አምና ቦሌ መንገድ ላይ ላለ አንድ ቢሮ አዋስሁ። ሙቀቱን ከዓመት ዓመት እያነጻጸርን ካርታ እንሠራለን አሉኝ፤ ደስ አለኝ። አንዲት ጸሐፊ ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች፤ ካርታውን ውጭ አገር የተቀመጠ ባለሙያ ሠራው። ሰኞ ጠርተው አሳዩኝ። ባሕርህ በፈረንጆች ታኅሣሥ እንደ ፍም ቀልቷል፣ በሰኔያቸው ቀዝቅዟል! ከግርጌው ደግሞ፣ መዝጋቢው ቤቱ ተቀምጦ ቁጥር ሳይፈጥር አልቀረም የሚል ማስታወሻ አለ።

ቤቱ ተቀምጦ! ወባ እያንቀጠቀጠህ ወርደህ የለካኸውን! ቴርሞሜትሩ ከባልዲው ሳይወጣ ካልተነበበ ቁጥሩ ውሸት ነው እያልህ የተቆጣኸኝን!

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ደብተሩ ላይ አሥራ ሁለተኛ ወር ያልነው ነሐሴን ነው፤ ካርታ ሠሪው የራሱ አሥራ ሁለተኛ ወር መሰለው። ጳጉሜንንማ፣ ዓመት አሥራ ሦስት ወር የለውም ብሎ ጨርሶ ሰርዟታል። ይህን ሳስረዳ የቢሮው ኃላፊ፣ የልጅ ልጃችን ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ይረጋጉ፤ ኮምፒውተር አይሳሳትም። ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል» አለኝ። ጃንጥላው ያረፈው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ኢምፔሪያል ሆቴል የሚወስደውን ሜዳ ብታየው አታውቀውም፤ ግንብ በግንብ ሆኗል። በዚያ በኩል እየተሳደብሁ በእግሬ ተመለስሁና እኔ ዘንድ የቀረውን አንድ ደብተር ገለጥሁ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። አንተ በእርሳስ የጫርኸውን ከምሳ በኋላ በቀለም የምገለብጠው እኔ ነበርሁ። «ወሩን በስሙ ጻፊው» ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ዓምዱ ጠባብ ነው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን መስመር ያለፈ ፊደል በአለንጋ ያስገርፈን ነበር ብዬ ቁጥር አደረግሁት። አንተም አልተከራከርኸኝም። በሰው ላይ ስጮህ ውዬ፣ ለሐሜት የሰጠሁህ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ነገ ረቡዕ ነው። በመጀመሪያ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ እቆማለሁ። ያ ልጅ ሲመጣ፣ ወሩን በቁጥር የጻፍሁት እኔ እንደሆንሁ ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ያቺን ማስታወሻ ፊቴ እስኪሰርዛትና በምትኳ ያንተን ሙሉ ስም እስኪጽፍ ከወንበሩ አልነሣም። ከዚያ ካርታው ሳይታተም እንደ አዲስ እንዲሠራ ደብተሮቹን ሁሉ አስወጥቼ በየቁጥሩ ጎን መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልሁ እስከ ጳጉሜን እጽፋለሁ። ከዓምዱ ቢያልፍም ይለፍ።

ባለቤትህ አስካለ