ስለ ታችኛው ሰፈር የተጻፈችው አንዲት መስመር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ላይኛው ከተማ ብርዱ ቀድሞ ስለሚገባ የሱፍ ካልሲህን አታውልቅ። ባለቤትህንና ልጆችህን ሰላም በልልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አክስታችን የተወችልኝን የአኩሪ አተር አይብ ሱቅ አልዘጋሁም፤ ቀዝቃዛው ውሃ ግን ጣቶቼን መቆርጠም ጀምሯል።

ጽፈህ የላክህልኝ የከተማችን የኩሬሳዋ ታሪክ መጽሐፍ ደርሶኛል። ስምህን ሽፋኑ ላይ ሳይ ለጎረቤቱ ሁሉ አዞርኩት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ወንዙ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ፣ የአምባውን አለት ገጭቶ እንደ ማጭድ ሲታጠፍ፣ ላይኛው ከተማ አለቱ ላይ፣ የእኛ ሰፈር ማጭዱ ሆድ ውስጥ ሲቀር፣ እንዳንተ አሳምሮ የጻፈው የለም። የመስፍኑን ግንብ፣ የሐር ነጋዴዎቹን መጋዘኖች፣ የባቡሩን መምጣት፣ ሁሉንም አገኘሁ። ከዚያ ጎርፉ ላይ ደረስኩ። አንዲት መስመር ናት፦ «በዚያ መስከረም የታችኛው ሰፈር ክትር በውሃው ኃይል ተደርምሶ አርባ አንድ ሰዎች ሞቱ።»

ተደርምሶ አልክ።

አምና ማስታወሻ ደብተርህን ይዘህ ስትመጣ አሮጊቶቹ አፋቸውን አልከፍት ብለውህ ነበር። ቤት ለቤት ዞሬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። «የእኛው ልጅ ነው፣ እውነቱን ይጽፈዋል» ብዬ። የላይኛው ከተማ ሰዎች ወንዝ ዳር ያለው መጋዘናቸው እንዳይሰጥም፣ ውሃው ወደ እኛ እንዲፈስ፣ ዶማ ይዘው ወርደው ክትራችንን በእጃቸው መቁረጣቸውን እማማ ሃትሱኖ ለአርባ አምስት ዓመት ለማንም አልተነፈሱም። የነገሩህ በእኔ ቃል ተማምነው ነው። እኔን ጣሪያ ላይ አውጥታ ውሃ የወሰዳት እናታችንም ከአርባ አንዱ አንዷ ናት።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ሃትሱኖ መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። መጽሐፉን በእጃቸው መዘን አድርገው፣ «ይሄ ለማንበብ ነው ወይስ ጨው የገባውን ጎመን በድንጋይ ፋንታ ለመጫን?» ብለው አሳቁኝ። ከዚያ ቁጭ አሉና «በይ የእኛን አንብቢልኝ» አሉ።

ምን ላድርግ? ገጹን ገልጬ የሌለውን አነበብኩላቸው። ዶማዎቹን፣ የሰዎቹን ብዛት፣ የሞተችባቸውን የልጃቸውን የሺኖን ስም፣ ያንተን አጻጻፍ እያስመሰልኩ ሁሉንም ከራሴ ጨመርኩ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ አሮጊት ዋሸሁ። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሳበቃ ግን «ልጁንስ ጽፎታል?» አሉኝ።

የቱን ልጅ አልኳቸው።

«ዶማ ከያዙት ሰዎች ፊት ፊት እየሄደ ቦታውን በጣቱ ያሳያቸውን ነዋ። ቀበሮዋ ቆፍራ ክትሩን ያሳሳችበትን ቦታ። ፊቱን አላየሁትም፣ የገለባ ቆብ ደፍቶ ነበር። ይህን ስነግረው ወንድምሽ ብዕሩን አስቀመጠና ሻዩን ጠጣ። ከዚያ በኋላ ብዕሩን አላነሳም፤ ሲጽፍ ይሰማኝ ነበር፣ ድምፁ ቀረ።»

ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ ቀን በፊት የቀበሮዋን ጉድጓድ የምናውቀው ሁለት ልጆች፣ እኔና አንተ ብቻ ነበርን። እኔ ያን ጠዋት ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ቤት ውስጥ እናታችንና እኔ ብቻ ነበርን።

በተከታዩ ጸደይ ትልቁ የሐር ነጋዴ ማደጎ አድርጎ ወሰደህ። አስተማረህ፣ ስሙን ሰጠህ፣ ሴት ልጁን ዳረልህ። ለወላጅ አልባ አዝኖ ነው እያልኩ ያን ሰውዬ ስንት ዓመት መረቅኩት።

ስለ ልጁ አልጠይቅህም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትልልቅ ሰዎች ከበው ሲጠይቁት የሚያውቀውን ይናገራል፤ በነገራቸው ምን እንደሚሠሩበት ከየት ያውቃል? አሮጊቶቹን አስለቅሶ፣ የእኔን ሩዝ በልቶ፣ ቤቱ ገብቶ «ተደርምሶ» ብሎ የጻፈው ግን ሽማግሌ ነው። እሱን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም።

ለመጽሐፉ ምረቃ አልመጣም። የጥሪ ካርዱን ለማዘጋጃ ቤቱ መልሻለሁ። አሁን እማማ ሃትሱኖ ከሰዓት በኋላ ሱቅ እየመጡ እንደገና ይነግሩኛል፤ በዚህ በተንጋደደ ፊደሌ እጽፋለሁ። ሲያልቅ ቤተ መቅደሱ ያስቀምጥልናል። ዘጠኝ ገጽ ደርሰናል። ልጁ የሚመጣበት ላይ ግማሽ ገጽ ባዶ ትቻለሁ። መጻፍ የሚገባኝ እኔ አይደለሁም፤ እማማም ስሙን አያውቁትም።

የእናታችን ነፍስ አትቀየምህ። ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ወደ እኛ ሰፈር የሚያመጣውን ድልድይ የምትሻገርበት ዕድሜም ይስጥህ።

ታናሽ እህትህ