ባለጉዳይዋ በአካል እንድትቀርብ ስለተላለፈው ጥሪ

ለተከበሩ የኮሌጁ የተማሪዎች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አራተኛ ፎቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ትንፋሽዎ እንዳያጥርና ልብዎም ሥራውን ሳያቋርጥ እንዲያገለግልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ወደ ቢሮዎ ለመድረስ ሦስቱም እንደሚያስፈልጉ በሚገባ ተምሬያለሁና።

እኔ የነርሶች ጋዋን የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ታናሽ እህቴን ያሳደግኳት እኔ ስሆን፣ እሷም በኮሌጅዎ የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነበረች። የልብ ሕመም ስለነበረባት የምግብና የመድኃኒት ድጋፍ እንዲሁም ደረጃ የሌለበት መኝታ ክፍል እንዲሰጣት ለጽሕፈት ቤትዎ አመልክታ ነበር። «ነበረች» የሚለውን ቃል መጻፍ ገና ስላልለመድኩ፣ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስቼ «ናት» ብዬ ከተገኘሁ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እሷ እንዳትደክም ብዬ ማመልከቻዋን ይዤ በመጣሁ ጊዜ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ባለጉዳይዋ ራሷ በአካል ትምጣ» ብለው ስለመለሱኝ አመሰግናለሁ። ደረጃ መውጣት እንደማይገባት የሚገልጸውን የሐኪም ማስረጃ፣ ደረጃ ወጥታ እንድታስረክብ ማድረግ ከተራ ጭንቅላት የሚፈልቅ ሐሳብ አይደለም።

፪. ሊፍቱ ላይ የተለጠፈው «ለጊዜው አይሠራም» የሚለው ወረቀት እህቴ ከመመዝገቧ በፊት ጀምሮ ሳይነቀል ቆይቷል። በግቢው ውስጥ እንደ እሱ ሥራውን ሳያስተጓጉል የሚሠራ አላየሁም።

፫. አምስት ጊዜ ወጣች። አንዴ ፎቶግራፍ ጎደለ ተባለች፣ አንዴ ማኅተሙ ደበዘዘ፣ አንዴ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ አንዴ ደግሞ «የሚመለከተው አካል እኛ አይደለንም» ተባለች። በአምስተኛው ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። የሚወጡትም የሚወርዱትም ያረፈች መስሏቸው እንዳይረብሿት በትሕትና ዞረዋት አለፉ። እሷ ግን አልተነሣችም። ለዚህኛው ምስጋና አላዘጋጀሁም።

፬. ከቀበርናት በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቻርጅ ማድረግ ባላቆምኩት ስልኳ ላይ «ውድ ተማሪ፣ ጥያቄዎ ተቀባይነት ስላገኘ በአካል ቀርበው ይፈርሙ» የሚል መልእክት ገባ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ልነግራት ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን፣ ደረጃ የሚወጣ ሰው ትንፋሽ እሰማለሁ። ቀስ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይወጣል። ሦስተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ታዛዥ ልጅ ስለነበረች ጥሪዎን ንቃ አትቀርም፤ ምናልባት አሁንም የጎደለ ቅጽ ይኖር ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ስለምፈራም መኪናውን ሥራ በሌለበት እረግጠዋለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለሟች አይደለም። የተፈቀደላት ደረጃ የሌለበት የመኝታ ቦታ አሁንም በስሟ ተይዞ ይገኛል። ቀጥላ ተራ የምትጠብቀው በክራንች የምትሄደው የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ናት። ቦታው ይለቀቅላት ዘንድ የሞት የምስክር ወረቀት ይዤ ያንኑ መስኮት ብጠይቅ፣ «ቦታውን መተዋን ባለጉዳይዋ ራሷ ቀርባ ትፈርም» ተባልኩ። መሞቷን አስረዳሁ። «እሱን የሚመለከተው ሌላ አካል ነው» አሉኝ። እህቴን አንድ ጊዜ ወስዳችሁብኛል፤ በስሟ ሌላ ሰው ደረጃ ላይ እንድታስቀሩ ግን አልፈቅድም። ስሟን ይሰርዙልኝ፤ ቦታውንም ለጓደኛዋ ይስጡልኝ።

ቀና ብለው የማያዩ ዓይኖችን በመስኮቱ ላሰለፈው ታላቅ አመራርዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ በቀሪው የአገልግሎት ዘመንዎ ሁሉ የሚያርፉበት ቦታ እንዳያጡ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የባለጉዳይዋ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ አላወጣሁትም፤ የሕንፃው ዋና በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለ ክራንቿም ማመልከቻዋን ይዛ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ እንዳትወጣ አስምያታለሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎ በአካል እንዲወርዱ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ተወካይ የማንቀበል መሆኑን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።