አውቶቡስ ተራ ላይ ስለተሰቀለው ፊቴና ስላልተከደነው ጣሪያዬ

ለተከበሩ አቶ ኢሲሬሊ ቱኢሳዋ፣
የወንዝ ዳር ብድርና ቁጠባ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
ላባሳ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል፤ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በዚህ ሙቀት እንኳ ሹራብ ለሚያስለብሰው የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ሳይቀር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ በበኩላችን፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሸራው ቀዳዳ ሥር ድስት ማሰለፋችንን ካልቆጠሩት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ከመላክ ይልቅ በገበያው በር፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅና በራስዎ መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ የለጠፍኩት ልዳፈርዎ ፈልጌ አይደለም። የሰው ጉዳይ አደባባይ ላይ ሲሰቀል እንደሚያምር ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ምስጋናዬን ከሥሩ ልጀምር። መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ ስመጣ የሦስት ሰው ባለዕዳ ነበርኩ። አንደኛው ለአማቴ ቀብር ሩዙንና ሥጋውን በዱቤ የሰጠን ባለሱቅ ነው፤ ሁለተኛው በወለድ የሚያበድረው ሰውዬ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ባለቤቴ አፒሳይ አንድ የገና ሰሞን «እንግዳ ሲመጣ እስከ መቼ መሬት ላይ?» ብሎ በየወሩ በሚከፈል ሒሳብ ያመጣው ሶፋ ባለቤት ነው። እንግዳው ሁሉ ዛሬም ሰሌኑ ላይ ይቀመጣል፤ ሶፋው ላይ ድመቷ ትተኛለች። በዚያው ዓመት አውሎ ነፋሱ መጥቶ ጣሪያችንን ወደ ሸንኮራ አገዳው ማሳ ይዞት ሄደ፤ ሶፋውን ግን አልፈለገውም።

እርስዎ ሦስቱን ዕዳ አንድ ላይ ጠቅልለው፣ ከሸርጣን ሽያጬ በየቅዳሜው የምከፍለውን ልክ ወስነው፣ «ከክፍያው ጎን ለጎን ደግሞ ለጣሪያሽ ትንሽ ትቆጥቢያለሽ» ሲሉኝ ሳቅሁብዎ። «ጌታዬ፣ ይቺ የምታፈስ ጀልባ ናት፤ ውሃ ልቅዳ ወይስ ዓሣ ላጥምድ?» ብልዎት፣ «እየቀዳሽም ይጠመዳል» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ተጠመደ። ዕዳው ቀስ በቀስ ቀለለ፣ ሊጠናቀቅም ጥቂት ቀረው፤ የጣሪያው ገንዘብም ሞላ። ስለዚህ እጅ እነሳለሁ፤ እስከዚህ ድረስ ያለው ምስጋና የልቤ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እንደሚመችዎ ይውሰዱት።

የወንዝ ማዶ ልጅ ስለሆኑ ያውቁታል ብዬ ሳልነግርዎ የቀረሁት አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ገንዘብ የሚያልቀው በማባከን ሳይሆን በዘመድ ነው። ዘመድ ደጅ ቁጭ ብሎ «ኬሬኬሬ» ካለ፣ ማለትም «እባክሽ ካለሽ አካፍዪኝ» ካለ፣ እያለኝ የለኝም ማለት ነውር ነው፤ ነገ እኔም የእሱ ደጅ እቀመጣለሁና። ዕዳ ያለበት ሰው ግን ይማራል። ስለዚህ ሰው በመጣ ቁጥር የማኅበርዎን ስም እያነሳሁ አለቀስኩ፤ «ኧረ ምን አስቀሩልኝ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይገፍፉኛል!» አልኩ። እነሱም «ውይ! እነዚያ ሰዎች ደምሽን መጠጡት እኮ!» ብለው ያመጡትን ካሳቫ ትተውልኝ ይሄዱ ነበር። ስምዎን በዚህ ሁኔታ ስላጠፋሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን ከወለድ ምጣኔዎ ይልቅ የጠቀመኝ እሱ ነው። ቁጠባውን ለባለቤቴ እንኳ በቅጡ አልነገርኩትም፤ አፒሳይ ደግ ሰው ነው፣ የያንጎና ሥር ጭማቂ ከጠጣ ግን ምሥጢር ሆዱ ውስጥ አያድርም። ሙያ በልብ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ በእርስዎ ቢሮ ሁሉም ነገር ቁጥር ይሰጠዋልና እኔም ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

፩ኛ. «ነይ ትንሽ ፎቶ እንነሳ» ብለው ሲጠሩኝ፣ ትንሽ ማለት የመታወቂያ ያህል መስሎኝ የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ መጣሁ። እርስዎ በከረባትዎ አምረው፣ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል ከካርቶን የተሠራ ቼክ አስያዙኝና ፈገግ በይ አሉኝ፤ እኔም ሞኟ ፈገግ አልኩ። በሳምንቱ ባነሩ አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ተሰቀለ፦ «ወይዘሮ ሴሩዋያ ዕዳዋን እየከፈለች ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ቆጠበች! እርስዎስ?» ከሳቩሳቩ የሚመጣ አውቶቡስ፣ ከየወንዙ ዳር የሚመጣ አውቶቡስ፣ የባለቤቴን ዘመድ በሙሉ የጫነ አውቶቡስ ሁሉ የሚቆመው እዚያው ነው። ቦታ አመራረጥዎን አደንቃለሁ። ልኩን እስከ መጨረሻዋ ዶላር ስለጻፉም አመሰግናለሁ፤ ዘመዶቼ ከመገመት ድካም ተገላግለዋል። «እርስዎስ?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄም ሁሉም በአንድ አፍ መልሰዋል፤ «እኛማ እየመጣን ነው» ብለው።

፪ኛ. መጡም። የመጀመሪያው የአፒሳይ የአጎት ልጅ ነው፤ ቤታችንን ከላይ እስከ ታች ቃኝቶ፣ ሸራውን አንጋጦ አይቶ፣ «ትልቁን ወረቀት የት አደረግሽው? ይሄኔ ጣሪያ ብታደርጊው ኖሮ ቤቱን ይከድነው ነበር» አለኝ። ሳቅን፣ ሳቁ ሲያልቅ ግን የሞተር ጀልባ ጥገና ጠየቀኝ። ገበያ ውስጥ ደግሞ አጠገቤ ባሚያ የምትሸጠው ፑሽፓ «እመቤት ሆይ፣ ዛሬ ጥላ ይያዝልሽ?» እያለች ቀኑን ሙሉ ታላግጥብኛለች። ደንበኞቼም ሸርጣኑን እያገላበጡ «አንቺ እንኳ ቀንሺ እንጂ፣ ምን ጎደለብሽ!» ይሉኛል። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የአፒሳይን እህት ቫሲቲን ግን አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት ባሏ ሲሞት፣ ዕዳ አለብኝ ብዬ አንድ ሰሌንና አንድ እስር ጎደሬ ብቻ ይዤ ሄጄ ነበር። ባነሩን ባየችበት ቀን መጥታ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ምንም ልጠይቅሽ አይደለም የመጣሁት። ያኔ የለኝም ስትይኝ እኮ እኔ ነኝ ያለቀስኩልሽ» ብላኝ ሄደች። ክቡር ሆይ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል፤ እዚህ ላይ ላሾፍብዎ አልቻልኩም። ለቫሲቲ የምሰጠው መልስ ነበረኝ፤ ጣሪያው ሲያልቅ፣ ልጆቿን ከዝናብ ሳስጠልል፣ በራሴ አፍ ልነግራት ነበር። እርስዎ ቀደሙኝ።

፫ኛ. በሦስተኛው እሑድ የአፒሳይ ትልቅ አጎት ሳኪዩሳ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ የያንጎናውን ሥር እስር ከፊት አስቀድመው መጡ። ከደረታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ ታምቡዋ ነበር፣ የዓሣ ነባሪው ጥርስ። እርስዎ ከተማ ከገቡ ወዲህ ቢረሱት አልፈርድብዎም እንጂ፣ እጁን ዘርግቶ ታምቡዋ የተቀበለ ሰው የተጠየቀውን ሁሉ እሺ ብሏል፤ ከዚያ በኋላ «ላስብበት» ብሎ ነገር የለም። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው፣ የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በአውሎ ነፋሱ ክዳኑን ማጣቱን፣ ልጃቸው አፒሳይ ደግሞ እግዚአብሔር እንደባረከው ተናገሩ። እኔ ከጓዳ ሆኜ «አትቀበል! እባክህ እጅህን ሰብስብ!» እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። አፒሳይ አጎቱን አየ፣ ጥርሱን አየ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሽማግሌዎቹ ሲያጨበጭቡ የእኔ ጣሪያ በፊቴ ሄደ። በኋላ ተቆጣሁት፤ «የቤታችን ቆርቆሮ እኮ ነው የሰጠኸው፣ አንተ ሰው!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ላድርግ ሴሩ፣ ያሳደገኝ ሰው ተንበርክኮ!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

፬ኛ. በማግስቱ ወደ እርስዎ ሮጥኩ፤ ገንዘቡ ታስሯል፣ ዕዳው እስኪያልቅ አይነካም ብለው አንድ ቃል እንዲተነፍሱልኝ ብቻ ነበር ልመናዬ። እርስዎ ግን በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ «ወይዘሮ ሴሩዋያ፣ ማኅበራችን የደንበኛን መብት ያከብራል፤ ገንዘብሽ የራስሽ ነው፣ ከፈለግሽ ዛሬውኑ በጥሬው ይሰጥሻል» ካሉኝ በኋላ፣ በር ላይ ቆመው ለነበሩት ለአጎት ሳኪዩሳም ደግመው አስረዷቸው። ለአገልግሎቱ ፍጥነት ያለኝን አድናቆት በምን ቃል ልግለጸው? ሌላ ጊዜ የራሴን ደረሰኝ ለማግኘት ግማሽ ቀን እሰለፍ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት፣ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ክፍል ጋር ዝምድና ሳይኖራት አይቀርም።

እንግዲህ ኅዳር እየገባ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወራት ባነር አንብቦ አያልፍም፤ ሸራ ደግሞ ምን ያህል እንደሚቆም ባለፈው ጊዜ አይተናል። የታናሽ ልጄ አልጋ ከድስቶቹ መካከል ነው፤ ንፋስ በተነሳ ቁጥር ተነስታ «እማዬ፣ መጣ?» ትለኛለች። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ሸርጣን እያሰርኩ ጣቴን ያስነከስኩት ለዚህች ጥያቄ «ይምጣ፣ ምን ያመጣል!» ብዬ እንድመልስላት ነበር።

ሆኖም ሰው አመስጋኝ መሆን አለበት። ስለዚህ የምጠይቅዎ ጥቂት ነው፤ ባነሩን ያውርዱልኝ፣ ጨርቁ ጠንካራ ስለሆነም ለድስቶቹ ማሳረፊያ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ለወደፊቱም የማንንም ሴት ቁጠባ ከመስቀልዎ በፊት እሷን ይጠይቋት፣ እሷ ካልተገኘችም ጎረቤቷን፣ ቢያንስ ፑሽፓን። ዕዳዬን በተመለከተ አይስጉ፤ እንደ ወትሮው በየቅዳሜው እከፍላለሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም። የቁጠባዬን ገንዘብ ግን ባስረዱኝ መብት መሠረት ትናንት በሙሉ አውጥቻለሁ፤ ገንዘብ ከፋይዎ ለቤተ ክርስቲያኑ መስሏት «ተባረኪ» ብላኛለች፣ እኔም አሜን ብያለሁ።

ዕድሜዎ እንደ ባነርዎ ይርዘም፣ ጣሪያዎም እንደ ከረባትዎ ጥብቅ ይሁን እያልኩ፣ የማኅበርዎ ታማኝ ባለዕዳ፣ የቀድሞ ምሥጢረኛ ቆጣቢ፣ የአሁኗ የአውቶቡስ ተራ ጌጥ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሴሩዋያ፣ የአፒሳይ ባለቤት
ሸርጣን ሻጭ፣ ላባሳ ገበያ

ማስታወሻ፦ ለመጨመር የረሳሁት ጉዳይ አለ። ታምቡዋ አንድ ቤት ተቀምጦ አይቀርም፣ የራሱን ጥያቄ ይዞ ወደ ሌላ ቤት ይሻገራል። ቢሮዎ ይዘንልዎት ብንመጣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ እንደሚከቱ ስለምናውቅ፣ ባለፈው ሐሙስ ከአጎት ሳኪዩሳ ጋር ወንዙን ተሻግረን ለአባትዎ ለአቶ ኔማኒ አቀረብነው፤ ይህን የአዳራሽ ክዳን ሸክም ከደካማ ቤት አንሡልን ብለን። አባትዎ በሁለት እጃቸው ተቀብለው አጨበጨቡና «ያን ትልቅ ወረቀት የሰጠሽ የእኔ ልጅ አይደል? ለሱማ ይቺ ምን አላት!» አሉ። አጎት ሳኪዩሳ በጣም ረክተዋል፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ በስምዎ ተይዞ ለገና ይጠበቃል። ትናንት ያወጣሁት ገንዘብ የእኔን ቆርቆሮ ገዝቷል፤ ይህን ስጽፍ አፒሳይ ጣሪያው ላይ ሆኖ ምስማር እየመታ ነው፣ ቫሲቲ ከነልጆቿ ከሥር ታቀብለዋለች። ድንገት እጅ ካጠረዎ፣ ዕዳን በየሳምንቱ ከፋፍሎ የሚያስከፍል ጥሩ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ። ከክፍያው ጎን ለጎን ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይቆጥቡ፤ ብቻ ለማንም እንዳይናገሩ።