ከአልጋሽ ሥር የነበረው ሽታ

አጽዬ፣

ጠርገን ጠርገን ያቃተን ትቢያ ከአልጋሽ ሥር ነው የሚነሳው። ቆፍረሽ መልሰሽ ደፈንሽና እዚያችው ላይ ብቻ እበት ለቀለቅሽበት። አይ የከተማ ልጅ! እንደ ሱሪ መጣፊያ ከሩቅ ይታያል እኮ።

ሽታውም እንዳልሽኝ የሞተ አይጥ አይደለም፤ የጠመንጃ ዘይት ነው። የወታደር ሚስት የነበርኩትን ሰው በአይጥ ትሸውጂኛለሽ?

ይርጋለም ወንድምሽ ነው፤ ደብቂልኝ ሲልሽ እምቢ ማለት እንዳቃተሽ ይገባኛል። ግን ከአንድ ትሪ እየበላን ለእኔ ሳትነግሪኝ...
ይሁን፣ በቃ።

ከሰዓት በኋላ የቤት ለቤት አሰሳ እንዳለ ቦኖ ላይ ውሃ ስቀዳ ሰማሁ። አንቺ ከሥራ እስክትመለሺ መጠበቅ አልቻልኩም። ወለሉን በሙሉ ለቅልቄዋለሁ፤ እስኪደርቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጪ። ለምን ለቀለቃችሁ ቢሉሽ፣ ቁንጫ አስቸግሮን ነው በያቸው። እሱስ መች ውሸት ነው!

ሽጉጡን ቆፍሬ አውጥቼ በእበት ቅርጫት ውስጥ ቀብሬ ይዤው ወጥቻለሁ፤ ከሸጎሌ ወዲያ ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ። እበት ውስጥ እጁን የሚከት ዘበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን ወረቀት አሁኑኑ አቃጥይው። በሩንም መስኮቱንም ክፈቺው፣ ሽታው ይውጣ።

መሽቶም ካልተመለስኩ፣ የት ገባች ብለሽ ማንንም እንዳትጠይቂ።

ሾዴ